ከርነሉ አንድ ነገር ሺህ ጊዜ ሲናገር

ሊኑክስ የተጫነባቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ድንገት ይሞላል። ፊልም አልወረደ፣ ፎቶ አልተጨመረ፤ ባለቤቱ ግራ ይገባዋል። ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ሎግ (የማሽኑ የመልእክት መዝገብ) የሚቀመጥበትን ፎልደር ይከፍታል። ሲስሎግ የሚባለው ፋይል ብቻውን በብዙ ጊጋባይት የሚቆጠር ቦታ ይዞ ቁጭ ብሏል። ውስጡ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ነገር ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው የማሽኑ የውስጥ ግንኙነት ላይ ስህተት ተገኘ፣ ታረመ። ተገኘ፣ ታረመ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ልብ በሉ፣ ስህተቱ ታርሟል። ሃርድዌሩ ራሱ አይቶት፣ ዳታውን እንደገና አስልኮ ጨርሶታል። የጠፋ ነገር የለም። መልእክቱም በራሱ ውሸት ወይም እርባና ቢስ አይደለም። አንድ ጊዜ ቢነገረን «የዋይፋይ ካርዱ ቦታው ላይ በደንብ አልተቀመጠ ይሆናል» ወይም «የኃይል ቁጠባው ነገር አልተስማማውም» ብለን እናይ ነበር። መቶ ሺህ ጊዜ ሲነገረን ግን ማየት እናቆማለን፣ ከዚያም ማጥፊያውን መፈለግ እንጀምራለን።

ማጥፊያው ደግሞ ሞልቷል። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው የሚመክረው ማሽኑ ሲነሳ ለከርነሉ «ኖኤኢአር» የሚል አማራጭ መስጠት ነው። ይሠራል፣ ሎጉ ጸጥ ይላል። ነገር ግን ይሄ አማራጭ የሚዘጋው መልእክቱን አይደለም። ኤኢአር የሚባለውን የፒሲአይ ስህተት መከታተያ ከነነፍሱ ነው የሚዘጋው። ነገ ያ ካርድ በእውነት ሲበላሽ በዚያ በኩል የሚናገር የለም። አንድ መልእክት ስለበዛ ብቻ ሰው የማሽኑን ጆሮ ቆርጦ ይጥላል፤ ለኔ የዚህ ጉዳይ ዋና ችግር ይሄ ነው። ስለዚህ ከርነል ውስጥ ተደጋጋሚ መልእክት መቀነስ የጽዳት ሥራ እንዳይመስላችሁ። መልእክቱ ሲመጣ ሰው እንዲያነበው የማድረግ ሥራ ነው።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው እሱ ነው። የሚናገረው ሲኖረው መስኮት ከፍቶ አያሳያችሁም። ፕሪንትኬይ የሚባል ፈንክሽን አለው። በሱ በኩል አንድ መስመር ጽሑፍ ሜሞሪ ውስጥ ወዳለ ማጠራቀሚያ ያስገባል። ማጠራቀሚያው ሪንግ ባፈር ይባላል። መጠኑ የተወሰነ ነው፤ ሲሞላ አዲሱ መልእክት የድሮውን እየደመሰሰ ይገባል። ዲመሴጅ የሚለውን ትእዛዝ ስትጽፉ የምታዩት የዚህን ማጠራቀሚያ ይዘት ነው።

የመጠኑ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከርነሉ ሲገነባ በተለምዶ የሚመደበው 128 ኪሎባይት ነው፣ አንዳንድ ዲስትሮዎች (የሊኑክስ ዓይነቶች) ያሳድጉታል። አንድ መስመር 100 ባይት ነው ብንል ወደ 1,300 መስመር ይይዛል። አሁን አንድ ድራይቨር፣ ማለትም አንድን መሣሪያ የሚያሠራ ኮድ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይጩህ እንበል። በ13 ሰከንድ ውስጥ ሌላው ሁሉ ተጠርጎ ሄዷል። ማሽኑ ሲነሳ የተጻፈው፣ ዲስኩ እንዴት እንደታወቀ፣ ጩኸቱ ከመጀመሩ ከአንድ ሰከንድ በፊት የተጻፈችው የችግሩን ምንጭ የምትናገር መስመር፣ ሁሉም የለም። «ዲስክ ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል እኮ» የሚል ይኖራል። ማሽኑ ደህና ሲሆን አዎ። ማሽኑ ክራሽ ሲያደርግ ግን ብዙ ጊዜ በእጃችን የሚቀረው ያ ሜሞሪ ውስጥ የነበረው ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሞልቶ የምናገኘው በዚያው በጩኸቱ ነው። ተደጋጋሚ መልእክት ከማበሳጨት አልፎ ማስረጃ ያጠፋል የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ጊዜ ነው። ብዙ ሰርቨሮችና ትናንሽ ቦርዶች ሲሪያል ኮንሶል የሚባል የጥንት የጽሑፍ መውጫ አላቸው። አስተማማኝ ስለሆነ ዛሬም ይወደዳል፣ ማሽኑ ሊሞት ሲል የመጨረሻ ቃሉን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በሱ ነው። ፍጥነቱ ግን በተለምዶ 115,200 ቢት በሰከንድ ነው። አንድ ፊደል ከነመጀመሪያና ከነመጨረሻ ምልክቱ 10 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ በሰከንድ 11,520 ፊደል ብቻ ያልፋል። 80 ፊደል ያለው አንድ መስመር 7 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል። ለኛ ምንም አይደለም። ፕሮሰሰሩ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ሚሊዮኖች ትእዛዞችን ይፈጽም ነበር።

ነገሩን ያከበደው፣ ለብዙ ዓመታት ፕሪንትኬይን የጠራው ሲፒዩ ራሱ ቆሞ መልእክቱ ኮንሶሉ ላይ እስኪወጣ መጠበቁ ነው። የራሱን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እሱ እያወጣ ሳለ ሌሎቹ ሲፒዩዎች የጨመሩትንም አብሮ ማውጣት ነበረበት። ሌሎቹ ካላቆሙ እሱም አያቆምም። ከርነሉ ደግሞ ሲፒዩ ተቸክሎ መቅረቱን የሚከታተል ጠባቂ አለው። 20 ሰከንድ አካባቢ ምላሽ ካጣ «ይሄ ሲፒዩ ተቆልፏል» ብሎ ይጽፋል። እንዴት ነው የሚጽፈው? በፕሪንትኬይ ነዋ! ያውም ሲፒዩው የት ላይ እንደነበር የሚያሳይ ረጅም ዝርዝር አያይዞ። በጎርፉ ላይ ሌላ ጎርፍ። አንድ ድራይቨር ያለ ልክ ስለተናገረ ብቻ ደህና የነበረ ማሽን ሲንበረከክ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው።

ይሄ የፕሪንትኬይ አሠራር ራሱ ብዙ ተለፍቶበታል። በ2020 መጨረሻ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው 5.10 ከርነል ላይ ማጠራቀሚያው ያለ መቆለፊያ፣ ማለትም ሲፒዩዎቹ እርስ በርስ ሳይዘጋጉ፣ እንዲሠራ ተደርጎ ተቀየረ። በ2024 የወጣው 6.12 ደግሞ ሪል-ታይም የሚባለውን፣ ሥራ በተወሰነለት ጊዜ እንዲደርስ የሚያደርገውን አሠራር ወደ ዋናው ከርነል ያስገባው ነው። ይሄ ወደ 20 ዓመት የተደከመበት ሥራ ነው፣ መጨረሻ ላይ መንገድ ዘግቶበት ከቆየው ውስጥ ዋናው ይሄው የመልእክት ማውጣት ጉዳይ ነበር። አንድ መስመር ጽሑፍ ማውጣት ቀላል የሚመስለው ሰው ይሄንን ታሪክ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ሆኖም ማጠራቀሚያው የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ አንድ ነገር መቶ ሺህ ጊዜ የተጻፈበትን ሎግ ሰው ሊያነበው አይችልም። ያ የሚፈታው መልእክቱ በሚወጣበት ኮድ ላይ ነው።

ኮዱ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እንዴት ላሳንሰው» ሳይሆን «ይሄ መልእክት መኖር አለበት ወይ» የሚለው ነው። ብዙ ድግግሞሽ የሚመጣው ሁለት ሰው አንድን ነገር ስለሚናገር ነው። ሜሞሪ ሲጠየቅ ካልተገኘ ከርነሉ ራሱ ከበቂ በላይ ዝርዝር ይጽፋል፤ ድራይቨሩ ከሥሩ «ሜሞሪ አጣሁ» ብሎ መጨመሩ ትርፉ መስመር ማብዛት ነው። የከርነል ገንቢዎች ኮዳቸውን የሚፈትሹበት ቼክፓች የሚባለው መሣሪያ ይሄን ሲያይ «ይሄ አላስፈላጊ ይመስላል» ብሎ ያስጠነቅቃል። እንዲሁም ድራይቨሮች የኢንተረፕት (መሣሪያው ሲፒዩውን የሚጠራበት ምልክት) ቁጥራቸውን የሚጠይቁበት ፈንክሽን ከ5.4 ከርነል ጀምሮ ሲሳነው ራሱ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ በየድራይቨሩ ተጽፎ የነበረው «ኢንተረፕት አላገኘሁም» የሚል መስመር ትርፍ ሆነ፣ እየተለቀመም ወጣ። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ማንም አያጨበጭብለትም። እኔ ግን በጣም አከብረዋለሁ።

ከዚህ ምድብ ውስጥ ይበልጥ የምወደው ምሳሌ 517 ነው። ድራይቨር ሲነሳ የሚያስፈልገው ሌላ አካል ገና ያልተነሳ ሊሆን ይችላል፤ ኃይል የሚሰጠው ሬጉሌተር ወይም ክሎክ የሚሰጠው ክፍል ለምሳሌ። በዚህ ጊዜ ድራይቨሩ 517 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ትርጉሙ «አልከሸፍኩም፣ ቆይተህ ሞክረኝ» ነው። ከርነሉም ቆይቶ ይሞክረዋል፣ ካልሆነ ደግሞ ይሞክረዋል። ድሮ ብዙ ድራይቨሮች ይሄንንም እንደ ስህተት ቆጥረው በየሙከራው «አልተሳካም» ይጽፉ ነበር። በተለይ ኤአርኤም ቦርዶች ላይ ማሽኑ ሲነሳ በቀይ የተሞላ ስክሪን ታያላችሁ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር በሰላም ይሠራል። አዲስ ሰው ቦርዱ የተበላሸ ነው ብሎ ይደነግጣል። በ2020 በ5.9 ከርነል ላይ ለዚሁ የሚሆን ትንሽ ረዳት ፈንክሽን ገባች። ቁጥሩ ሌላ ከሆነ እንደ ስህተት ትጽፋለች። 517 ከሆነ ግን በዋናው ሎግ ላይ ዝም ትልና ምክንያቱን መዝግባ ታስቀምጣለች። በመጨረሻም ሳይነሳ የቀረ መሣሪያ ካለ፣ እየጠበቁ ያሉት መሣሪያዎች ዝርዝር በሚታይበት የዲበግ ፋይል ላይ ስሙ ከነምክንያቱ ይገኛል። መረጃው አልተጣለም፣ ሰው ሲፈልገው ወደሚያገኝበት ቦታ ተዛወረ። ጥሩ ቅነሳ ማለት ይሄ ነው።

መልእክቱ መኖር አለበት ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ቀላሉ መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ መናገር ነው። ኮዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት ትቀመጣለች፤ መጀመሪያ ሲያልፍ ይናገርና ምልክቷን ያበራል፣ ከዚያ በኋላ በዝምታ ያልፋል። ፈጽሞ መሆን የሌለበት ነገር ሲሆን ለሚጻፈው ማስጠንቀቂያ የከርነሉ የኮድ አጻጻፍ መመሪያ የሚመርጠው ይሄንኑ የአንድ ጊዜውን ዓይነት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ጊዜ የሆነ ስህተት ብዙውን ጊዜ ደግሞ ደጋግሞ ይሆናል፣ ሎጉን ይሞላል፣ ማሽኑን ያዘገያል፣ በመጨረሻ ራሱ ጩኸቱ ሁለተኛ ችግር ይሆናል።

ግን «አንድ ጊዜ» ሲባል ለማን አንድ ጊዜ? ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ከሆነ፣ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ የሚሠራ ሰርቨር ላይ መስከረም ላይ የተነገረው ነገር ሰኔ ላይ ሲደገም ማንም አይሰማም። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ካርዶች ካሉ ደግሞ የመጀመሪያው ካርድ ጥፋት የሁለተኛውን ይሸፍነዋል። ሊኑክስ የሲን ፍለድ ማስጠንቀቂያን እንዴት እንደያዘው እዩ። ብዙ የውሸት የግንኙነት ጥያቄ ወደ አንድ ፖርት ሲጎርፍ «በዚህ ፖርት ላይ ሲን ፍለድ ሊሆን ይችላል፣ ኩኪ (ጠያቂው እውነተኛ መሆኑን መፈተኛ ቁጥር) እየላክሁ ነው» ይላል። ምልክቷ የተቀመጠችው ለመላው ማሽን አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተቀባይ ሶኬት፣ ፕሮግራሙ ለከፈተው የግንኙነት በር፣ ነው። ዌብ ሰርቨሩ ላይ የተነገረው የሜይል ሰርቨሩን አፍ አይዘጋም፤ ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈትም እንደ አዲስ ይናገራል። ትንሽ ውሳኔ ናት፣ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዳሰበባት ታስታውቃለች።

ሦስተኛው መንገድ ሬትሊሚት ነው፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የተወሰነ ቁጥር ብቻ መፍቀድ። የሊኑክስ የተለመደው ልክ በ5 ሰከንድ 10 መልእክት ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ያልፋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው አይጻፍም፣ ግን ይቆጠራል። 5 ሰከንዱ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ መልእክት ሲመጣ፣ ከሱ በፊት «312 ኮልባክስ ሰፕረስድ» ዓይነት መስመር ይጻፋል። 312 ጊዜ ሊነገር ሲል ታፍኗል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይቺን መስመር እንደ ተራ ኮተት ያልፋታል። እኔ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው፤ ምክንያቱም የጎርፉን መጠን የምትናገረው እሷ ብቻ ናት። 3 የታፈነና 30,000 የታፈነ አንድ አይደለም። አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ቁጥሩ በተለምዶ የሚወጣው ቀጣይ መልእክት ሲመጣ ነው። ጎርፉ ድንገት ቀጥ ካለ፣ የመጨረሻው ቁጥር ሳይነገር ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሎጉ ላይ 10 መስመር ብቻ አይታችሁ «10 ጊዜ ነው የሆነው» አትበሉ።

ልኩ ራሱ ሁሌም በቂ አይደለም። በ5 ሰከንድ 10 ማለት በሰከንድ 2 ነው፤ በቀን 172,800 መስመር ይሆናል። ያው 128 ኪሎባይት ማጠራቀሚያ በዚህ ፍጥነት በ11 ደቂቃ አካባቢ ይገለበጣል። ስለዚህ «ሬትሊሚት አድርጌበታለሁ» ማለት ሲፒዩው እንዳይቸከል ይረዳል እንጂ ሎጉ ይነበባል ማለት አይደለም። ለቀናት ሊቆይ የሚችል ችግር ከሆነ 5 ሰከንድ በጣም አጭር ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሙቀት ማስጠንቀቂያ ይሄን በደንብ ይዞታል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ላፕቶፕ ላይ ይሄ በሰዓት ብዙ ጊዜ ሊሆን ይችላል። መልእክቱ ግን በ5 ደቂቃ ልዩነት ነው የሚመጣው፣ በውስጡም «እስካሁን በጠቅላላ ይሄን ያህል ጊዜ ሆኗል» የሚል ድምር አለ። ሁለት እንዲህ ዓይነት መስመሮችን ብቻ አይቶ ሰው ነገሩ እየተባባሰ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለውን በመቀነስ ያገኘዋል። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሌላው ኦፐሬቲንግ ሲስተምም የሶኬት ወረፋ ሞልቶ ግንኙነት ሲመልስ በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ይናገርና ከመስመሩ ጫፍ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይጽፋል። አንድ መስመር፣ ሙሉ መረጃ። ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል?

አሁን ደግሞ ብዙ ኮድ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ልኩን ማን ይጋራዋል? የመጀመሪያው የሊኑክስ ሬትሊሚት ለመላው ከርነል አንድ ነበር። በአንድ ግቢ የተከራዩ ሰዎች አንድ የመብራት ቆጣሪ ሲጋሩ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ አንዷ ምጣድ ስትጥድ ቆጣሪው ይወድቃል፣ ሻይ ልታፈላ የነበረችው ጎረቤት ጨለማ ውስጥ ትቀራለች። እዚህም ያው ነው። አንድ ለፍላፊ ድራይቨር 10ሩን መልእክት ሲጨርስ፣ ከሱ ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ድራይቨር የሚናገረው እውነተኛ ችግር ይታፈናል። ለዚህ ነው ያ የጋራው ፈንክሽን ዛሬ ለአዲስ ኮድ የማይመከረው። የሚመከረው፣ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ የራሱ የግል ቆጠራ የሚኖረው ዓይነት ነው።

ኔትወርኩ ግን እስከ ዛሬ የሚጋራው አለው። ብዙ ተጠቃሚ የሚያልፍበት ፋየርዎል ላይ «ኮንትራክ ቴብል ሞልቷል፣ ፓኬት እየጣልሁ ነው» የሚል መልእክት ያየ ሰው ይኖራል፤ ኮንትራክ ቴብል የሚያልፉ ግንኙነቶች የሚመዘገቡበት ሠንጠረዥ ነው። ከሱ ቀጥሎ የምትመጣው የታፈኑት ቁጥር መስመር የምትጀምረው «ኔት ሬትሊሚት» በሚል ስም ነው። ትርጉሙ፣ የተቆጠረው የኮንትራክ መልእክት ብቻ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያው የጋራ ልክ የሚያልፉ ሌሎች የኔትወርክ መልእክቶችም በዚያ ቁጥር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሠንጠረዡን አሳድጋችሁ ያ ጩኸት ከቆመ በኋላ ሌላ ያልታየ መልእክት ብቅ ሊል ይችላል። አትደንግጡ፤ አዲስ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ታፍኖ የነበረ እንጂ።

በተጻፈበት ቦታ መቁጠርም ቢሆን ሁሌ አይበቃም። የዲስክ ንባብ ስህተትን የሚጽፈው ቦታ ከርነሉ ውስጥ ለሁሉም ዲስኮች አንድ ነው። ሰርቨሩ ላይ ሁለት ዲስክ አለ እንበል። ሁለተኛው ዲስክ ሞቶ በሰከንድ መቶ ስህተት ያወጣል። በዚያው ሰዓት የመጀመሪያው ዲስክ ላይ፣ ሲስተሙ ያለበት ላይ፣ አንዲት የንባብ ስህተት ትከሰታለች። ልኩ በሁለተኛው ዲስክ ተሞልቷል። ያቺ አንዲት መስመር፣ ከመቶው ሁሉ ይልቅ ማየት የነበረብን መስመር፣ የታፈኑት ቁጥር ላይ አንድ ጨምራ ትጠፋለች። ኤክስት4 ፋይል ሲስተም ይሄን አስቦ ልኩን ለእያንዳንዱ ፋይል ሲስተም ለየብቻ አድርጎታል። ሬትሊሚት የምትጽፉ ካላችሁ ከሁሉም በላይ ይሄን ጠይቁ። የምቆጥረው በምን ነው? በኮድ ቦታ፣ በመሣሪያ፣ በዲስክ ወይስ በሶኬት? አንዱ ሲጮህ የማን ድምፅ ይጠፋል?

እዚህ ላይ «ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ተመሳሳይ መስመሮችን ሎግ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም ለምን አይጨፈልቃቸውም» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሲስሎግ የሚባለው የድሮው ፕሮግራም ያደርገው ነበር። «የመጨረሻው መልእክት ይሄን ያህል ጊዜ ተደግሟል» የሚለውን የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ግን መስመሮቹ አንድ የሚሆኑት ፊደል በፊደል ሲመሳሰሉ ነው። የዲስክ ስህተቱ የሴክተር (ዲስኩ ላይ ያለ ቦታ) ቁጥር አለበት፣ በየመስመሩ ይለያያል። ሁለት መልእክቶች እየተፈራረቁ ቢመጡም የተደገመ አይመስለውም። ከሁሉ በላይ ግን፣ መልእክቱ እዚያ እስኪደርስ ድረስ ጉዳቱ አልቋል። ማጠራቀሚያው ተገልብጧል፣ ሲሪያሉ ተጨናንቋል፣ ሲፒዩው ጊዜውን ከፍሏል። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያልቀው ምንጩ ላይ ነው።

ምንጩ ከከርነሉ ውጭ የሆነበትም ጊዜ አለ። ተራ ፕሮግራሞች፣ ፈቃዱ ካላቸው፣ ኬመሴጅ በሚባል ፋይል በኩል ወደ ከርነሉ ሎግ መጻፍ ይችላሉ። በ2014 በዚህ ምክንያት ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ከርነሉን ለመመርመር ማሽኑ ሲነሳ «ዲበግ» የሚል ቃል ይሰጣል፤ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ሲስተምዲም ያንኑ ቃል አንብቦ የራሱን ዝርዝር ሁሉ ወደዚያው ማፍሰስ ጀመረ። ጎርፉ ከመብዛቱ የተነሳ ማሽኑ መነሳት ያቃተው ሰው ነበር፣ ሊመረምረው የፈለገውን የከርነል መልእክት ማግኘትማ አይታሰብም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ በዚያ በር የሚገባውም ጽሑፍ ልክ ተበጀለት። ለተጠቃሚው ሦስት ምርጫ ተሰጠው፦ ይለፍ፣ ይዘጋ፣ በልክ ይለፍ።

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። የፒሲአይ ስህተት ጎርፍ ለዓመታት ሲያማርር ኖሮ በ2025 በወጣው 6.16 ከርነል ላይ ልክ ተበጀለት። አሠራሩ ከላይ ያልነውን ሁሉ ይዟል ማለት ይቻላል። ልኩ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ ነው፤ የዋይፋይ ካርዱ ጩኸት የዲስኩን አያፍንም። የታረሙና ለሞት የማያደርሱ ስህተቶች በልክ ይጻፋሉ፣ ለሞት የሚያደርሰው ግን ምንጊዜም ሙሉ በሙሉ ይጻፋል። ልኩን ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው በየመሣሪያው ፎልደር ውስጥ ባሉ ትናንሽ ፋይሎች ይቀይረዋል። ከሁሉም የሚያስደስተኝ ደግሞ የስህተቶቹ ቆጣሪ ከሎጉ ተለይቶ መኖሩ ነው። ቆጣሪው ከ2018 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሎጉ ላይ የታፈነውንም ይቆጥራል። ሎጉ አጭር ሆነ፣ የጠፋ ቁጥር ግን የለም።

ስለዚህ ይሄ ጎርፍ ያለበት ማሽን ካላችሁ፣ የኖኤኢአሩን ምክር ከመከተል በፊት የከርነሉን እድሜ እዩ። 6.16 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መከታተያውን መዝጋት አያስፈልግም። ከዚያ የመሣሪያውን የታረሙ ስህተቶች ቆጣሪ ክፈቱና ቁጥሩን ጻፉት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና እዩት። ካርዱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ስትከቱት ወይም የኃይል ቁጠባውን ስታጠፉት የሰዓቱ ጭማሪ ከቀነሰ መንስኤውን አገኛችሁት ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚነገሩትን ማስጠንቀቂያዎች በተመለከተም መላ አለ። ማሽኑን አጥፍታችሁ ሳታስነሱ እንደገና እንዲናገሩ ማድረግ ይቻላል። ዲበግኤፍኤስ በሚባለው የከርነሉ መመርመሪያ ፎልደር ውስጥ «ክሊር ዋርን ዋንስ» የሚባል ፋይል አለ፤ እንደ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ 1 ብትጽፉበት ከተበሩት ምልክቶች ብዙዎቹ ይጠፋሉ። ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ በሚሠራ ሰርቨር ላይ ችግር ስትፈልጉ መጀመሪያ ይሄን አድርጉ፣ ከዚያ ችግሩን የሚያመጣውን ሥራ ድገሙትና ዲመሴጅን ተመልከቱ።